በሽታውን የደበቀው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ስላደግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የበሽተኛው ይመስለናል። በሽተኛው ደበቀ፤ በሽተኛው ዘገየ፤ በሽተኛው ወጌሻ ቤት ሲመላለስ ከረመ። እስቲ ዛሬ ተረቱን ገልብጠን እንየው። ለመሆኑ በሽታውን የሚደብቀው ማን ነው? በሽተኛው ነው? ወይስ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ አጠገቡ ከቆመው ባልደረባው ጋር በእንግሊዝኛ ተመካክሮ፣ የአጥንቱን ባለቤት ግን «አይዞዎት እናቴ፣ ይቺን ይዋጡ» ብሎ የሚሸኘው?

ነገሩ እንዳይበተንብኝ በአንድ በሽታ ልያዘው። የዳሌ መገጣጠሚያ መበላት። ሐኪሞቹ ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። ይህ በሽታ አይገድልም። ስለማይገድልም ማንም ቴሌቶን አያዘጋጅለትም፤ ቀን ተሰይሞለት ካናቴራ አይታተምለትም። ሥራው ሰውን ቀስ በቀስ ከቤቱ ማስቀረት ነው። መጀመሪያ ከገበያ ያስቀራል፣ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ከለቅሶ። ለቅሶ መድረስ ያቃተው ሰው በኛ አገር ምን እንደሚሆን ለአንባቢዬ አልነግርም።

ደብረ ብርሃን ላይ ለሚታመም አጥንት ሁሉ አንድ ስም አለ፤ ብርድ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ በዚያ ላይ በብርድ ልብስ ፋብሪካ ታውቃ፣ ሰው ሲያነክስ ብርድን ብትጠረጥር አይፈረድባትም። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ገደሉ አፋፍ ላይ የሚያገኛት አንኮበርም በዚሁ አትታማም። ግን ብርዱ ሕመሙን ቢያስታውስ እንጂ በሽታውን አይፈጥረውም። ዳሌ ማለት ሙቀጫ ውስጥ የገባ ኳስ በሉት። የጭን አጥንት ራስ ኳሱ ነው፤ ሙቀጫው የዳሌው ጎድጓዳ ነው። ሁለቱ እንዳይፋጩ ጫፋቸው ላይ የሚያንሸራትት ልም አጥንት ለብሰዋል። ይህ ልባስ የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ካለቀ እንደ ቁስል ሽሮ አይተካም። ሲያልቅ አጥንት በአጥንት ላይ ይፋጫል።

የሚሸከመውንም ጭነት አስቡት። ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ለቅጽበት በአንድ እግር እንቆማለን። በዚያች ቅጽበት ዳሌያችን የሚያርፍበት ኃይል የሰውነታችን ክብደት ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። 50 ኪሎ የምትመዝን የአንኮበር ሴት በእያንዳንዱ እርምጃዋ ዳሌዋ ላይ ከ125 እስከ 150 ኪሎ ትጭናለች ማለት ነው። የጀርባዋን እንጨት ገና አልጨመርንም። አቀበቱንም አልጨመርንም።

አሁን ስለ አክስቴ ላውራ። አክስቴ አንኮበር ወረዳ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ኖሩ። ጉልበት አመመኝ ላለ ሰው ጉልበቱን ራጅ ማንሳት ነው እንግዲህ፤ ሁለቴ ተነሱ። «ጉልበትዎ ደህና ነው» ተባሉ። ደህና የሆነ ጉልበት ለምን ያማል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መርፌ ተወጉ፤ ክኒን ዋጡ፤ ቅባት ተቀቡ። ደግሞ አንዱ ባለ ነጭ ጋዋን «ክብደት ይቀንሱ» ብሏቸው እርፍ! አክስቴን ብታይዋቸው ነፋስ የሚወስዳቸው የሚመስሉ ሴት ናቸው። ምክሩ ከሌላ አገር መጽሐፍ ላይ ተገልብጦ ሳይነበብ የተሰጠ ነው።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ጉልበታቸውን አጥፎ፣ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሊያዞር ሲል ጮኹ። ዳሌ ነው። የዳሌ ሕመም ብሽሽት ላይ፣ ጭን ላይ፣ አንዳንዴም ጉልበት ላይ ብቻ ተሰምቶ ሰውን ያሳስታል። ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ መሣሪያም አይጠይቅ። ያንን ልጅ ባገኘው ጉልበት ስሜ አመሰግነው ነበር፤ ጉልበቱ ከፈቀደልኝ።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ እስፔሻሊስት ዘንድ። ስሙንም ቤቱንም አልጠራም። ካርድ አውጥተን፣ ግማሽ ቀን ተቀምጠን፣ ገባን። ሐኪሙ ራጁን አየና ወደ አክስቴ ልጅ ዞሮ «መገጣጠሚያው አልቋል፤ መቀየር አለበት» አለ። ዋጋውን ተናገረ። «አስቡበትና ተመለሱ» ብሎ ቀጣዩን አስጠራ። ከበር እስከ በር አራት ደቂቃ ቢሆን ነው።

አስቡበት! ምኑን ነው የምናስበው? ለማሰብ እኮ የሚታሰብ ነገር ያስፈልጋል። ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን መጽሐፉን ሳልሰጥ «ሒሱን ጻፉና ተመለሱ» ብላቸው ኖሮ ዲኑ በማግሥቱ ያባርረኝ ነበር።

ታክሲ ውስጥ አክስቴ ዝም ብለው ቆዩና «አንተ ልጅ፣ የሚቀየረው በምንድን ነው? በሞተ ሰው አጥንት ነው?» አሉኝ። ያንን ሁሉ ሰዓት ይህንን ተሸክመው ተቀምጠዋል። ብረትና ፕላስቲክ ነው፣ ሸክላ መሰል ነገርም አለው ብዬ አስረዳኋቸው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ከዚያ በኋላስ መስገድ እችላለሁ?» አሉ።

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ዋጋው አይደለም፤ ቢላዋውም አይደለም። እኔ በበኩሌ ከዚያ የተሻለ የሕክምና ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱም ዳሌ የተቀየረለት ሰው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ኳሱ ከጎድጓዳው እንዳይወጣ ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ፣ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ እንዳይቀመጥ፣ እግሩን እንዳያነባብር ሲመከር ኖሯል። የቀዶ ጥገናው ዓይነት ተሻሽሎ እገዳውን የሚያላሉ ሐኪሞችም አሉ። ወንበር ላይ ለሚበላ፣ ወንበር ላይ ለሚጸዳዳ ሰው ይህ ምክር ቀላል ነው። አክስቴ የሚቀመጡት በርጩማ ላይ ነው፤ እንጀራ የሚጋግሩት ጎንበስ ብለው ነው፤ ሽንት ቤታቸው ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ በሕማማት ሲሰግዱ ግንባራቸው መሬት ይነካል። እዚያው ቁልቁል አልዩ አምባ ላይ ያለ አርጎባ ጎረቤታቸው ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ሱጁድ ይወርዳል። የኛ ሰው ዳሌ የሚታጠፈው በመጽሐፉ ውስጥ እንዳለው ሰው አይደለም። ታዲያ ይህን ያልጠየቀ ሐኪም ምኑን አውቆ ነው «መቀየር አለበት» የሚለው? «ይቻላል» ማለት ሌላ፣ «አለበት» ማለት ሌላ። የመጀመሪያው የእሱ ሙያ ነው። ሁለተኛው የአክስቴ ነው።

ይህንን ለአንድ ሐኪም ወዳጄ ባጫውተው ሳቀብኝ። «አንተ ጋሼ፣ ተሰልፎ የሚጠብቀኝን ሰው ብታየው እንዲህ አትልም። ለእያንዳንዱ ገበሬ ሌክቸር ልስጥ? ደግሞስ ይገባቸዋል ብለህ ነው? የሚፈልጉት መርፌ ነው። ዝም ብለህ ንገረኝ፣ ምን ላድርግ በለኝ ነው የሚሉት።»

ስለ ሰልፉ እውነቱን ነው፤ አልከራከረውም። ግን ሂሳቡን እንሥራ። ስድስት ዓመት፣ ሁለት የጉልበት ራጅ፣ ስንትና ስንት መርፌ፣ ስንትና ስንት ጊዜ የተወጣ ካርድ፤ እነዚያ ሁሉ ሰልፎች ላይ አክስቴ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ተሰጥቷቸው ቢሆን ሰልፉ በአንድ ሰው ባጠረ ነበር። ደቂቃ የሚሰስተው ሐኪም ሰልፉን ራሱ እየቀጠለው ነው።

«አይገባቸውም» የምትለዋን ግን አልውጣትም። የአንኮበር ገበሬ በሬ ሲገዛ አይተኸዋል ወዳጄ? ጥርሱን ገልጦ ያያል። ያስኬደዋል፤ ሰኮናውን ያነሳል፤ ሻኛውን ይዳብሳል። ስንት ክረምት እንዳረሰ፣ ግራ ነው ቀኝ የለመደው፣ ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቃል። ሻጩ ሲምል ወደ ሌላው በሬ ዞር ይላል። አማራጭ ማመዛዘን የሚሉት ይህንን ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ገበሬው ለራሱ አጥንት ሲሆን አንገቱን ደፍቶ «እርስዎ እንዳሉ» የሚለው አእምሮ አንሶት አይደለም። ከነጭ ጋዋን ጋር እንዲከራከር ማንም ስላልፈቀደለት ነው።

እንግዲያው በበሬው ቋንቋ እንነጋገር። ሰው ሠራሹ ዳሌ ስንት ክረምት ያርሳል? ዛሬ የምናውቀው ቀዶ ጥገና የተጀመረው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰር ጆን ቻርንሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ራይቲንግተን ሆስፒታል ውስጥ የብረቱን ኳስ ከፕላስቲክ ጎድጓዳ ጋር አስማማው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለክቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የታተመ ጥናት የብዙ ሺህ ሰዎችን መዝገብ ሰብስቦ እንዳሰላው፣ ከመቶ ዳሌ 58ቱ ገደማ 25 ዓመት ይቆያሉ። ይህ የተለካው መዝገብ በሚይዙ ሀብታም አገሮች መሆኑ አይረሳ። ማመርቀዝ አለ፤ በደንብ በተደራጀ ቦታ ከመቶ አንዱን ገደማ ያገኛል። የደም መርጋት አለ፤ ከቦታው መውለቅ አለ፤ አንዱ እግር ከሌላው ሊረዝም ይችላል። ለብዙው ሰው ግን ሕመሙ ድራሹ ይጠፋል፤ ሌሊት ይተኛል። ይኸው ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር። የትኛው ነው ለገበሬ የማይገባው?

ይህን ስል የቀዶ ጥገና ደላላ መስዬ እንዳልታይ። ከቢላዋ ወዲህም መንገድ አለ፤ እሱም አይነገርም። የመቀመጫንና የጭንን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ በሐኪም ልክ የሚወሰድ ማስታገሻ፣ ሸክምን ለልጅ ወይም ለአህያ መስጠት፣ የምጣዱን ጉልቻ ከፍ አድርጎ መሥራት። በሽታው የሚያጣድፍ አይደለም፤ ዛሬ ካልተቀየረ ነገ የሚሞት የለም። ራጁ አስቀያሚ ሆኖ ሕመሙ የሚቻል ሰው ሞልቷል፤ ስለዚህ የሚታከመው ራጁ ሳይሆን ሰውየው ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንድ የጤና ድርጅት የዳሌና የጉልበት በሽተኞቹን ከውሳኔ በፊት ጥቅምና ጉዳቱን የሚያስረዳ ቪዲዮና ጽሑፍ እየሰጠ ሞከረው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚለው የዳሌ መቀየር በ26 በመቶ ቀነሰ። እዚያ ሰዎች ሲያውቁ «ቆይ፣ ልታገሥ» አሉ። እዚህ ደግሞ ሲያውቁ «ለካ ይቻላል!» የሚሉ ብዙዎች ይሆናሉ። እውቀት ሰውን ወዴት እንደሚወስደው አስቀድሞ አይታወቅም፤ ለዚህም ይመስለኛል አንዳንዱ የማይሰጠው።

ባዶውን ቦታ ማን እንደሚሞላው ታውቃላችሁ። መድኃኒት መደብር የቆመው ልጅ ይሞላዋል። «ዴክሳ» ያለ ማዘዣ ይቸበቸባል፤ ሕመሙን በአንድ ቀን ጸጥ ያሰኛል፤ ፊትን ሞላ ያደርጋል፤ ጎረቤት «አማረብሽ» ይላል። እንዲህ ያለው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ሲወሰድ ግን ለጭን አጥንት ራስ የሚደርሰውን ደም ሊያቋርጥና አጥንቱን ሊገድለው ይችላል። ለዳሌ ሕመም የተዋጠው ክኒን ዳሌውን ይበላዋል ማለት ነው። (ብዙ አልኮልም ይህንኑ ያደርጋል፤ የደብረ ብርሃን አረቄ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝ።) ዲክሎውም ቢሆን ያለ ልክ ሲወጉት ጨጓራና ኩላሊት ላይ ይዞራል። አሜሪካ ያለው ዘመድ ደግሞ ግሉኮሳሚን በጠርሙስ ይልካል። ሆላንዶች ዳሌያቸው የሚያማቸውን ሰዎች ለሁለት ዓመት ግሉኮሳሚን አውጠው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ከባዶ ክኒን እንደማይሻል አሳትመዋል። ፍቅሩን ተቀበሉ፤ ጠርሙሱ ግን ለአዋዜ ይሁን።

ወጌሻውንም መርገም አልፈልግም። ወጌሻ ቢያንስ ያወራል። ይዳብሳል፣ ይጠይቃል፣ «እዚህ ጋ ነው?» ይላል፣ ቡና ይጠጣል። ያለቀ ልም አጥንት በማሸት አይመለስም፤ አክስቴ ግን ወጌሻው ቤት የተሰማቸውን ያህል የትም አልተሰሙም። ሐኪሞቻችን ሕዝቡ ለምን ወደዚያ ይሄዳል ብለው ሲያዝኑ ይህችን ቢያስቡባት።

ከሐኪሙ ቀጥሎ ደግሞ እኛ አለን፤ ዘመዶች። ከአዲስ አበባው ቀጠሮ በኋላ ቤተሰብ ተሰበሰበ። አንዱ በሬው ይሸጥ አለ፤ ሌላው መሬቱ ለሁለት ዓመት ይከራይ አለ፤ ሦስተኛው ዐረብ አገር ላለችው ልጃቸው ይደወል አለ። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለሆነ ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን አክስቴ በሌሉበት በአክስቴ ዳሌ ላይ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። «ባለ ዳሌዋስ?» ብል፣ «እሳቸውን አናስጨንቃቸው» ተባልኩ። ይህ አለማስጨነቅ የሚባል ደግነት ስንቱን ሰው ከገዛ ገላው እንዳስወጣው! በኋላ ሲጠየቁ በአንድ አፍ «በሬዬን አታስነኩብኝ፤ ሁለት ክረምት ልታገሥ፤ ልጄ ስትመለስ ያኔ ይሁን» አሉ። አራት ደቂቃ ያልሰጣቸው ሐኪምና ሦስቱ ወንድማማች ተደምረው ያላዩትን ሂሳብ ሠርተውት ኖሯል። ማን ያስታምመኛል የሚለውን።

ሕጉ ከእኛ ይሻላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው በፈለገ ጊዜ ምርመራንና ሕክምናን፣ ቀዶ ጥገናንም፣ አልቀበልም ማለት እንደሚችል ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ደግሞ ባለሙያው ታካሚውን አሳውቆ ፈቃዱን እንዲያገኝ አዝዟል። በተግባር ፈቃድ ማለት ግን ቀዶ ጥገናው በር ላይ፣ ልጅየው እየተንቀጠቀጠ፣ ያላነበበው ወረቀት ላይ የሚያኖረው ፊርማ ሆኖ ቀርቷል። ወረቀቱ የሚጠብቀው ሆስፒታሉን ነው።

ደብረ ብርሃን ዛሬ የሕክምና ድሃ አይደለችም። ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አላት፤ የዩኒቨርሲቲዋ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። በኤድንብራ ተምረው መጥተው፣ ሐኪሞችን በማስተማር ዕድሜያቸውን በገፉ የቀዶ ጥገና ሰው ስም ማለት ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕክምና የሚያስተምሩም ቋንቋ የሚያስተምሩም ሰዎች ደመወዝ ይቀበላሉ። አንድ ቀን አብረው ይቀመጡና፣ በአማርኛ፣ በገበሬ አማርኛ፣ አንድ ገጽ ይጻፉ። ዳሌ ምንድን ነው፣ ለምን ጉልበት ያማል፣ ሳይቆረጥ ምን ይደረጋል፣ ሲቆረጥ ምን ይገኛል ምን ይታጣል፣ ስንት ያስወጣል፣ ስግደቱ እንዴት ይሆናል። ማንበብ ለማይችል ሰልፉ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሰልፍ እንደሆነ አለን። ሥዕል የሚያውቅ ሰው በርጩማውንም ምጣዱንም ይሣልበት። ለዚህ የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም።

የመጀመሪያውን መስመር እኔ ልስጣቸው፤ አክስቴ በስድስት ዓመት ውስጥ ከማንም ያልሰሙት ነው። ከዘራ የሚያዘው በማያመው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ቀኝ ዳሌ ካመመ፣ በግራ እጅ። ያን ጊዜ የታመመውን ዳሌ የሚጎትተው ጡንቻ ያርፋል፤ ጭነቱ ይቀላል። አክስቴ በሚያማቸው በኩል ይዘውት ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚይዘው፤ ነገ አራት ኪሎ ቆማችሁ ቁጠሩ።